ከጀርባዋ ያለው ወንበር

«ልጅቷን አንድ ቀን ወንድ መጥቶ ይወስድብሻል» እያሉ ነበር የአገሬ ልጆች የሚያስፈራሩኝ። እኔም ለወንድ ተዘጋጅቼ ነበር። የምትዳርበትን ቀን እያሰብኩ አልቅሼ፣ እዚያው ተጽናንቼ አውቃለሁ። አንዲት ግብፃዊት በትንሽ ጠመንጃ ሰበብ ትመጣብኛለች ብዬ ግን እንዴት ልጠርጥር?

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሐርቡ ተነስቼ በኮንትራት ሪያድ ስገባ ራሴም ገና ለጋ ነበርኩ። የተቀበለኝ ቤት ውስጥ ዳዴ የምትል አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። እናትየው፣ ማዳሜ ማለት ነው፣ መምህርት ናት፤ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት ነው የምትመለሰው። አባትየው፣ ከፊሌ ማለትም በስሙ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ በሥራ ምክንያት ቤት የሚገኝበት ቀን ትንሽ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ከኔ ጋር ትውላለች፣ ከኔ ጋር ታድራለች። ስሜን መጥራት ስላልቻለች «ዳዳ» አለችኝ። እዚህ አገር ሞግዚትን ሁሉ ዳዳ ይላሉ፤ እሷ ስትጠራኝ ግን እናቴ ያወጣችልኝ ስም መሰለኝ። ጸጉሯን ጎንጉኜ ትምህርት ቤት የላክኋት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲይዛት ሹመይሲ ያለው ሆስፒታል ተራ እስኪደርሰን ያቀፍኳት እኔ ነኝ። አብረውኝ የመጡት ሴቶች ኮንትራታቸውን ጨርሰው አገር ቤት ሲገቡ፣ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ እኔ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እያሳደስኩ ቀረሁ። ለምን አትገቢም ሲሉኝ «ልጅቷ ትንሽ ትጠንክር» እላለሁ። ልጅቷ ጠነከረች፤ ዩኒቨርስቲ ገባች። እኔ እዚያው ነኝ። የራሴ ልጅ የለኝም።

ተኩስ የጀመረችው በዩኒቨርስቲ ጓደኛዋ ምክንያት ነው። አንድ ቀን የተኩስ ክለብ ይዛት ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። አባቷ እሷ የጠየቀችውን እምቢ ማለት አይችልም፤ ጠመንጃውን ገዛላት። ጠመንጃው ቤት አይገባም፤ ክለቡ ካዝና ውስጥ ነው የሚያድረው። ማዳሜ ግን ቅር አላት።

«ብቻሽን ከሾፌር ጋር በረሃ ለበረሃ አትሄጂም» አለቻት። «ዳዳ አብራሽ የምትሄድ ከሆነ እሺ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝና «ዳዳ፣ ትሄጃለሽ አይደል?» አለች። እኔ ቤት ውስጥ ወለል ሳሸት ልውል ነበር እንዴ! አባያዬን ለብሼ ከሷ ቀድሜ መኪናው ውስጥ ተገኘሁ።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ወላሂ፣ ሪያድ ከገባሁ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክለቡ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል ነው። እዚያ እስክንደርስ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን እናወራለን፤ እሷ ስለ ትምህርቷ፣ እኔ ስለ አገሬ። ሄል ያለው የወተት ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ፤ ሳምቡሳ እጠቀልላለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ቆመው በሚተኩሱበት መስመር ከኋላ ፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። እኔ ከሷ ኋላ በቀኝ በኩል ያለውን ያዝኩት። ጆሮዬ ላይ መሸፈኛውን አድርጌ እቀመጣለሁ፤ እሷ ትተኩሳለች፤ ስትደክም መጥታ ከጎኔ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች።

ጠመንጃው ትንሽ ነው። አገር ቤት በሠርግና በለቅሶ የማውቀው ክላሽ ሲተኮስ ሆድ ያንቀጠቅጣል፤ ይሄ ግን ጣ! ብሎ ያበቃል፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚያሰማው። የጥይቱም ውፍረት የትንሿ ጣቴን ጥፍር አያህልም። የትልቁ ጠመንጃ ጥይት ቂጡ መሀል ነው የሚመታው፤ የዚህ ጠርዙ ነው የሚመታው፤ እሳት የሚጭረው ነገር በጠርዙ ዙሪያ ነው የተቀመጠው። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ አንድ ባዶ ቀለህ ከመሬት አንስታ፣ ጠርዙ ላይ የተነቀሰውን ምልክት በጣቴ እያስነካች። ያኔ አዲስ ነገር ስታውቅ መጀመሪያ የምትነግረው ለኔ ነበር።

ችግሩ ጥይቶቹ አንድ ላይ አልሰበሰብ አሉ። ወረቀቱ ከሩቅ ተጎትቶ ሲመጣ አንዱ ቀዳዳ መሀል፣ ሁለቱ ግራ፣ አንዱ ደግሞ ከክቡ ውጪ። በማግስቱ ጥሩ ትሆናለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትበላሻለች። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋን አለቀሰች።

«እጄ ነው የተበላሸው፣ ዳዳ» አለችኝ።

«እጅሽ ምንም አልሆነም» አልኳት፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ። «ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ቀን አለው።» የማላውቀውን ነው የተናገርኩት፤ ግን ተጽናናች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ለቅሶ ደስ አለኝ። ትልቅ ልጅ ሆና በኔ ትከሻ ላይ ማልቀሷን የተወች መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አሰልጣኟ መጣች።

ክለቡ ነው የቀጠራት። ግብፆች አሰልጣኝን «ካፒቴን» ይላሉ፤ ሁሉም ካፒቴን ይሏታል። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ምንም ሳትናገር ልጅቷን ስትተኩስ አየቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ በመዳፏ የልጅቷን ጉንጭ ያዘችና ሰደፉ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው።

እጇን ጉንጯ ላይ አየሁት። ያንን ጉንጭ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ጥርስ ስታበቅል በበረዶ ያሸሁት እኔ ነኝ። ይህቺ ሴት ገና መግባቷ ነው፤ ሰላም እንኳ በቅጡ አላለችኝም።

«ጠመንጃውን ላንቺ ብለው አስተካክለውልሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እንደተገዛ ነው» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ካንቺ በፊት እሱን እንመርምረው። ጥፋቱ የብረት ይሁን የሰው መለየት አለብን። ያላ፣ ነይ።»

ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ የኋለኛው ላልቶ ተገኘ። ካፒቴኗ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚል መፍቻ ይዛ ሁለቱንም እኩል አጠበቀቻቸው። «አንዱ ከላላ ብረቱ በተተኮሰ ቁጥር የእንጨት አልጋው ላይ ይገላበጣል» አለች። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ቀጭን ዘንግ አምጥታ ከኋላ በኩል ወደ አፈሙዙ አስገብታ መወልወል ጀመረች። ከፊት በኩል አይገባም አለች፤ የአፈሙዙ ከንፈር ከተጫረ ጥይቱን ሲወጣ ወደ ጎን ይገፋዋል። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ጥይቱ በሚቀመጥበት አጠገብ ጥላሸትና እርሳስ ቀለበት ሠርቶ ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን አስጠግተው ያያሉ፤ ጸጉራቸው ተነካካ። እኔ ፔርሙዜን ታቅፌ ከኋላ ቆሜአለሁ።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አልኩ።

ልጅቷ ዞር ስትል ካፒቴኗ ቀደመቻት። «ሻይና ቡና ከመተኮስ በፊት አይጠጣም፣ እህቴ። ልብ ያስመታል፤ ልብ ሲመታ ማነጣጠሪያው ይዘላል። ውሃ ብቻ።»

«እሺ፣ ካፒቴን» አለች የኔ ልጅ። እንዲህ በቀላሉ። የዚያን ቀን ሻዬን ሾፌሩ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የካፒቴን ስም ያልተነሳበት ቀን የለም። «ካፒቴን በደንብ ተኚ ብላኛለች።» «ካፒቴን ትንፋሼን ግማሽ አውጥቼ እንድይዝ ነግራኛለች።» ምሳ ሳቀርብ «ካፒቴን ዘይት ቀንሺ ትላለች» ትለኛለች። እኔ የማበስለውን በልታ ነው ይህን ያህል ያደገችው! ድስቱን ስፈትግ እጄ ይበረታል። ሐሰድ፣ ምቀኝነት፣ መሆኑን አውቃለሁ። ሰግጄ ስነሳ ከልቤ አውጣልኝ እላለሁ፤ ክለቡ በር ላይ ስንደርስ ተመልሶ ይጠብቀኛል።

ዓርብ ዓርብ ማዳሜ ከፈቀደች ዑድ የሚባለው ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ከአገሬ የመጣች ጓደኛዬ አለች፤ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ፣ አንድ ክፍል ከሌሎች ጋር የምትጋራ። ሳቋ ከደረጃው በታች ይሰማል። ስነግራት መጀመሪያ በሳቅ ወደቀች።

«አሃ! አንቺ ልብስ ትተኩሻለሽ፣ እሷ ጥይት ትተኩሳለች፤ ሁለታችሁም ተኳሾች ናችሁ!»

«አትቀልጂ። ሆዴ እየነደደ ነው።»

ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። «ስሚኝ፣ እህቴ» አለች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? ልጅቷ እናት አላት። አባት አላት። አንቺ ደሞዝተኛ ነሽ።»

«ደሞዝ ነው እንዴ ያሳደጋት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የኔዋ ማዳም ልጆች ስሜን አያውቁትም፤ በዚህ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።» ከዚያ «ግን ሴትዮዋ ትምህርቱን ታውቃለች?» አለችኝ።

መዋሸት አማረኝ። «ታውቃለች» አልኩ።

«ይኸው፤ እሱ ነው ያቃጠለሽ። ባታውቅ ይሻልሽ ነበር።»

ልክ ነበረች። ካፒቴኗ ብታጭበረብር፣ ብትጮህባት፣ ብታስለቅሳት ደስ ይለኝ ነበር። አታስለቅሳትም። ምን እንደምትሠራ ታውቃለች።

በቀጣዩ ሳምንት የጥይት ፈተና አደረጉ። ካፒቴኗ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ የተሞላ ከረጢት አስቀምጣ ጠመንጃውን አስደገፈችው፤ የሰው እጅ እንዳይወዛወዝበት። ከዚያ የተለያዩ የጥይት ሳጥኖችን ደረደረች። አንዳንዶቹ አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ስም አላቸው፤ ከጎናቸው የተጻፈው የምርት ቁጥር ግን ይለያያል።

«ይሄና ይሄ እኮ አንድ ናቸው» አለች ልጅቷ።

«አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች አንድ ናቸው እንዴ?» አለቻት ካፒቴኗ። «እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው ጥይት አለው። ውድ ስለሆነ አይወደውም። መርጦ ነው የሚወደው፤ ምክንያቱን አይነግርሽም።»

ከዚያ ወደኔ ዞራ «እህቴ፣ ሳጥኖቹን በተራ ታቀብዪናለሽ?» አለችኝ። መልካም አስባ ይሆናል። እኔ ግን እንደ መሳሪያ መያዣ ያደረገችኝ መሰለኝ፤ ቢሆንም ማቀበል ጀመርኩ። ሳጥን በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች ከመስመሩ ማዶ ባለው የአፈር ክምር ላይ ያስተኩሷታል፤ አፈሙዙ ውስጥ የቀረው የበፊቱ ጥይት ቅባት እስኪለቅና አዲሱን እስኪለምድ ነው አሉ። ከዚያ ነው ወረቀቱ ላይ የሚተኮሰው። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ መጡ። አንዱ የተበተነ፣ አንዱ ወደ ጎን የተሰመረ፣ አንዱ ትንሽ የተሻለ። መጨረሻ አካባቢ ያቀበልኩት ማንም ያልጠበቀው ተራ ሳጥን ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ልጅቷ መጀመሪያ የሳተች መሰላት፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ጠጋ ብለው ሲያዩት አምስቱም በዚያው ቀዳዳ አልፈዋል።

ልጅቷ ጮኸች። ዘላ የካፒቴኗ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ሳጥኑን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እጄ ባዶውን ተዘርግቶ ቀረ።

«ከዚሁ ቁጥር ሳይጠፋ በብዛት እንግዛ» አለች ካፒቴኗ፤ ሳቋን ይዛ፣ የልጅቷን ጀርባ እየመታች። በዓይኗ እኔንም ፈለገችኝ። እኔ ካርቶኖቹን እሰበስብ ነበር።

እንግዲህ ብረቱ ንጹሕ ሆነ፤ ጥይቱም ተገኘ። ከረጢቱ ላይ አስደግፋ ስትተኩስ ጠመንጃው እንከን የለውም። ቆማ ስትተኩስ ግን እንደገና ይበተናል፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ያመልጣሉ። ሳምንታት አለፉ። ልጅቷ ፊቷ መጥቆር ጀመረ፤ እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ትንሽ ቀለል አለው። «ካፒቴንም አልቻለችም ማለት ነው» እላለሁ ለራሴ። ሳምቡሳዬን እንደገና መጠቅለል ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት ካፒቴኗ ወረቀቱን ማየት ተወች። ወንበሯን አዙራ የልጅቷን ፊት ብቻ ስታይ ዋለች። ከቆየች በኋላ ተነስታ ወደኔ መጣች።

«እህቴ፣ ውጪ ካለው ማሽን ውሃ ታመጭልኛለሽ?»

ነደድኩ። ውሃ ከጎኗ ተቀምጧል። እንደ ሠራተኛ ልታዘኝ ነው አልኩ፤ ሠራተኛ መሆኔን ረስቼው ነበር መሰለኝ። ሄድኩ። ማሽኑ አጠገብ ሆን ብዬ ዘገየሁ። ስመለስ ቦታዬ ተቀመጥኩና ልጅቷ መተኮሷን ቀጠለች። ሲያበቁ ካፒቴኗ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። ጭኔ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

በአንደኛው ላይ ቀዳዳዎቹ መሀል ላይ እንደ ዘለላ ተሰብስበዋል። በሌላው ላይ ወደ ቀኝ ወደ ላይ ተበትነዋል።

«ይሄኛው አንቺ ውሃ ልታመጪ ስትወጪ የተኮሰችው ነው» አለችኝ፤ የተሰበሰበውን እያሳየችኝ። «ይሄኛው ደግሞ ከተመለስሽ በኋላ።»

አልገባኝም። ማለቴ ገብቶኛል፤ እንዲገባኝ አልፈለግኩም። «ምን ለማለት ነው?»

«ቃታውን ስትስብ ጉንጯን ከሰደፉ ታነሳለች። አንስታ አንቺን ታያለች። ይሄ ጥይት ዘገምተኛ ነው፤ አፈሙዙን ለቆ ሳይወጣ እሷ ጭንቅላቷን ማንሳት ጀምራለች። ጭንቅላቷ ሲነሳ ጠመንጃው ይከተላታል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአዳራሹ ውጪ ብትቀመጪ ጥሩ ነው።»

 ተነስቼ ቆምኩ። አረብኛዬ ስናደድ ይጠፋብኛል፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልጠፋኝም።

«አንቺ ማን ነሽ እኔን የምታስወጪኝ? ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት! አንቺ ትናንት መጥተሽ፣ ምግቧን ከለከልሽ፣ ሻይዋን ከለከልሽ፣ አሁን ደግሞ ዓይኗን ልትከለክያት ነው?»

 ሌሎቹ ሴቶች ጠመንጃቸውን አወረዱ። ልጅቷ ከመስመሩ ወጥታ እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«ዳዳ፣ ኸላስ፣ ይብቃ፣ እባክሽ።»

«እውነቷን ነው?» አልኳት። «ታይኛለሽ?»

ወረቀቶቹን አየች። «እንደማይሽ አላውቅም ነበር» አለች። «ወላሂ፣ ዳዳ፣ አላውቅም ነበር።»

ያኔ ነው የታወሰኝ። ግቢ ውስጥ ብስክሌት ስትማር ጥቂት ነድታ ዞር ትላለች። የመጀመሪያዋን ፊደል ስትጽፍ እርሳሱን ከወረቀቱ ሳታነሳ ቀና ትልብኛለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች፤ አድርጋ ሳትጨርስ ማየቴን ታያለች። እኔም «ጎበዝ» እላለሁ። ጎበዝ ያልኩበትን ነገር ነው እንግዲህ አሁን ጥፋት ያደረጉብኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

መጠበቂያው ክፍል ሶፋዎች አሉት፤ ግድግዳው ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ይጮሃል። ከበሩ ወዲያ ጣ፣ ጣ ይላል። ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። በአንድ በኩል ተሰደብኩ፣ ተባረርኩ፤ ከሷ ጋር ውስጥ የቀረችው ያቺ ሴት ናት። በሌላ በኩል ደግሞ ለማንም የማልነግረው ደስታ አለኝ፤ በዚያ ሁሉ «ካፒቴን፣ ካፒቴን» መሀል ቃታ ስትስብ የምታየው እኔን ነበር። ደስታው ግን ቅናቱን አላጠፋውም። እንዲያውም አባሰው። ካልወጣሁ አትስተካከልም፤ ከወጣሁ ደግሞ አታየኝም።

ተስተካከለች። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ቀዳዳዎቹ ተሰበሰቡ። ከተኮሰች በኋላ ጉንጯን ሰደፉ ላይ እንዳጋደመች በሆዷ ቆጥራ እንድትቆይ ካፒቴኗ አስለመደቻት። ወረቀቱን ይዛ ትወጣና ታሳየኛለች፤ ካፒቴኗ ካየችው በኋላ።

በሪያድ የሚገኙ ክለቦች ሴቶች የሚወዳደሩበት ቀን ደረሰ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ውጤቱን የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ነበር፤ እናቶች፣ እህቶች፣ ሠራተኞች ተሰብስበን አንጋጠናል። የሷን መስመር አገኘሁ። ነጥቦቹ እየተነሱ ሲመጡ እጄን ነክሼ ነበር። አንድ ጊዜ ወረደች፤ «ያረቢ» አልኩ በአማርኛ ዜማ፤ አጠገቤ ያለችው ሳዑዲያዊት «አሚን» አለችልኝ። እንደገና ተነሳች። ሦስተኛ ወጣች።

በሩ ሲከፈት ከካፒቴኗ ጋር ተቃቅፈው እያለቀሱ ነው የወጡት። ማዳሜ ከሥራ ቀርታ አበባ ይዛ መጥታ ነበር። ልጅቷ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አድርጋ መሀል፣ እናቷ በግራ፣ ካፒቴኗ በቀኝ ቆሙ።

«ዳዳ፣ ፎቶ አንሽን» አለች ማዳሜ፤ ስልኳን ዘርግታ።

ስልኩን ተቀበልኩ። በስክሪኑ ውስጥ ሦስቱ ሙሉ ቤተሰብ ይመስላሉ። እጄን ትንሽ ወደ ግራ ባዘነብል ካፒቴኗ ግማሽ ትሆን ነበር። አላዘነበልኩም። በደንብ አነሳኋቸው፤ ያ ፎቶ አሁን ሳሎናችን ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ከዚያ ልጅቷ መጥታ አቀፈችኝና ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ወደድኩት፤ ግን ተራዬ መጨረሻ ላይ እንደደረሰ ልቤ መዝግቧል።

ካፒቴኗ ብዙ አልቆየችም። ባሏ ጂዳ ሥራ አግኝቶ ወደዚያ ልትዛወር ሆነ። የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ እኔ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ ከጎኔ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። 

«ተቀይመሽኛል» አለችኝ።

«አልተቀየምኩም» አልኩ። ሁለታችንም ውሸት መሆኑን ስላወቅን ሳቅን።

«ብዙ ልጆች አሠልጥኛለሁ» አለች ወለሉን እያየች። «እናትየዋም መጥታ ተቀምጣ የምታይ አለች፤ አባትየውም። ከተኮሰች በኋላ እንደዚህ ወደ አንድ ሰው የምትዞር ልጅ ግን አላየሁም። ወደኔማ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ምን አድርገሽላት ነው ብዬ ቀንቼብሽ ነበር።»

 ፔርሙዜን ከፈትኩና ሻይ ቀዳሁላት። የዚያን ቀን እሷ አትተኩስም። ጠጣችው፤ «ሄሉ ጥሩ ነው» አለችኝ።

የሄደች ዕለት ልጅቷ ክፍሌ መጥታ አለቀሰች። ትከሻዬን ሰጠኋት። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ቀን እሱ ነበር፤ አላስደሰተኝም። እንባው በኔ ትከሻ ላይ ቢፈስም ለካፒቴኗ ነበር የሚፈሰው። «አብሽሪ፣ ጂዳ ሩቅ አይደለም» እያልኩ ጀርባዋን ስደባብስ እንኳ ያቺ ሴት ከመሀላችን አልወጣችም።

ክለቡ ሌላ አሰልጣኝ እስኪያመጣ ልጅቷ ብቻዋን ነው የምትለማመደው። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ደርሰን ልክ እንደ ልማዴ ወደ ሶፋዬ ስሄድ እጄን ያዘችኝ።

«አሁን የሚከለክልሽ የለም፣ ዳዳ። ነይ ግቢ።»

በሩ በግማሽ ተከፍቷል። ከመስመሩ ኋላ ፕላስቲክ ወንበሮቹ ተደርድረው ይታያሉ። መግባት እንዴት አማረኝ!

«ትዞሪያለሽ» አልኳት። «ጥይትሽ ይበላሻል።»

«አልዞርም» አለች እየሳቀች። «ኸላስ፣ ተምሬያለሁ። ብትገቢም ባትገቢም አሁን ለውጥ የለውም።»

ልታስደስተኝ ብላ ነው፤ ምን እንዳለችኝ አላወቀችም። ገብቼ ብትዞር ወረቀቷ ይበተናል፤ እኔው አበላሸኋት ማለት ነው። ገብቼ ባትዞርስ?

«አንቺ ግቢ» አልኳት። «እዚህ ይቀዘቅዝልኛል።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። ሶፋው ላይ ከሌላ ቤት የመጣች አንዲት የኛ አገር ልጅ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ጠጋ አልኩና ሳምቡሳ አቀረብኩላት። ከየት ነሽ ስላት ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝና «ከወልዲያ» አለችኝ።